ብቅል፣ እርሾና የስልክ ሰዓት፦ ዕቃ በሌለው ላብራቶሪ ኢንዛይምና ባዮ-ነዳጅ ማስተማር

ይህን የምጽፈው የላብራቶሪ ቁልፍ ይዞ ዕቃ ለሌለው የባዮሎጂ መምህር ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል አስተምራለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። የእኛም አልቀረለትም። ተመልሰን ማስተማር ስንጀምር ማይክሮስኮፕ የለም፣ ሚዛን የለም፣ ቴርሞሜትር የለም። የተረፈን ጥቂት ቴስት ቲዩብ፣ አፋቸው የተሸረፈ ቢከሮችና ጠመኔ ነው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ስልሳ ምናምን ልጅ አለ።

ዕቃ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። የኢንዛይም ምዕራፍ ግን ቀኑን ጠብቆ ከች ይላል። ተማሪዎቼ ትርጉሙን በቃላቸው ያነበንቡታል፦ «ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን።» ጎበዝ። «እሺ፣ ኢንዛይም ብንጨምር በመጨረሻ የምናገኘው ምርት ምን ይሆናል?» ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ይበዛል፣ ቲቸር!» ይላል።

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ኢንዛይም የሚለውጠው ቶሎ መድረሱን ነው። የሚደረስበት ቦታ ያው ነው። ይህቺን ነገር ያልያዘ ልጅ ስለ ባዮ-ነዳጅ፣ ማለትም ከእህል፣ ከአገዳ ወይም ከእበት ስለሚወጣ ነዳጅ፣ የሚማረው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀርበታል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ላስተምር አልኩ። ነዳጅ ደግሞ የማይገባው ልጅ የለም። ግማሾቹ አባታቸው ወይም ወንድማቸው ባጃጅ ነጂ ነው። ስለ ቤንዚን ወረፋ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

የጀመርነው ሁሉም መምህር በሚጀምርበት፣ በድንችና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው 3 በመቶው ይበቃል። የተከተፈ ድንች ላይ ሲፈስ አረፋው ይገነፍላል፤ ድንቹ ውስጥ ያለው ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን እየሰበረው ነው። ልጆቹ «ሆ!» አሉ፣ ስልክ አወጡ፣ ቀረጹ። ደወል ተደወለ። በማግስቱ ስጠይቃቸው የሚያስታውሱት አረፋውን ብቻ ነው። አረፋ ማሳየት ጥሩ ማሟሻ ነው፤ ግን ሰዓት ካልተያዘ ስለ ፍጥነት ምንም አይናገርም።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ነገር ግን ለውጥ አመጣ። ከቢሮ ፓንቸር ተዋስኩ። ውሃ ከሚመጥ ወፈር ያለ ወረቀት ትንንሽ ክቦች በሳን። የማጣሪያ ወረቀት ከተገኘ እሰየው። ድንቹን ፍቀን በንጹሕ ጨርቅ ጨመቅነው። ክቧን ጭማቂው ውስጥ ነክሮ ፐርኦክሳይድ ባለበት ብርጭቆ ታች ማስቀመጥ ነው። ወረቀቷ ላይ የኦክስጅን አረፋ ይሰበሰብና ቀስ እያለ ያነሳታል። ከታች ተነስታ ላይ እስክትደርስ ስንት ሰከንድ ፈጀባት? ይኼው ነው። ጭማቂውን በውሃ ግማሽ ስናደርገው ወረቀቷ ዘገየች። ሩብ ስናደርገው ይበልጥ ዘገየች። ኋላ ወንበር ላይ የሚተኛው ልጅ ሳይቀር «ተነሳች! ተነሳች!» እያለ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጆቹ ሰንጠረዡን ሲያዩ ትልቁን ቁጥር ትልቅ ፍጥነት አድርገው ያነቡታል። ከሰከንዱ ጎን ሌላ ዓምድ አስምሩና አንድን ለሰከንዱ አካፍለው እንዲጽፉ አድርጉ። ሁለቱ ዓምዶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ በዓይናቸው ሲያዩት ይገባቸዋል። ፐርኦክሳይዱን ደግሞ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት በአንድ ቁራጭ ድንች ሞክሩት። ተከፍቶ የቆየ ወይም ፀሐይ የመታው ጠርሙስ ሞቶ ይጠብቃችኋል፤ ስልሳ ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይገጥማችሁ።

ቀጥሎ ብቅል። ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ ከሁሉም በላይ የሠራልን እሱ ስለሆነ ነው። የሚበቅል ገብስ የራሱን ስታርች ወደ ስኳር የሚቆርጥበት አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያዘጋጃል። የተፈጨ ብቅል ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ማጥለል ነው፤ ኢንዛይሙ ውሃው ውስጥ ይወጣል። ስታርቹ ደግሞ በጣም የቀጠነ አጥሚት ነው፤ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በብዙ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ። ጠቋሚው ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ እስኪሆን በውሃ ይቅጠን። ነጭ ሳህን ላይ የአዮዲን ጠብታዎች በረድፍ ይደረደራሉ። አጥሚቱና የብቅሉ ውሃ ከተደባለቁበት ሰዓት ጀምሮ በየደቂቃው አንድ ጠብታ እየተወሰደ አንዱ የአዮዲን ጠብታ ላይ ይንጠባጠባል።

የመጀመሪያው ጠብታ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ከዚያ ወይን ጠጅ ይመጣል፣ ከዚያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ መጨረሻ ላይ አዮዲኑ የራሱን ቢጫ ይዞ ይቀራል። ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ስታዩት ስታርቹ እንዴት እንዳለቀ በረድፍ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስለ ኢንዛይም የሳልኳቸው ሥዕሎች ሁሉ የዚያችን ሳህን ያህል አላስተማሩልኝም። የብቅሉን መጠን ግን ቤታችሁ ሞክራችሁ ኑ። ከበዛ የመጀመሪያው ጠብታ ሳይወሰድ ያልቃል፤ ካነሰ ክፍለ ጊዜው እያለቀ ሳህኑ ጥቁር ይሆናል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የሚጨርስ ውህድ ለክፍል ይመቻል።

ሙቀትን ያለ ቴርሞሜትር እንዴት? መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ያ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቧንቧ ውሃችንን 18 እንበለው። እኩል ለእኩል ሲደባለቁ 55 አካባቢ ይመጣል፤ የገብስ አሚሌዝ ደግሞ ከ55 እስከ 65 ባለው ውስጥ ይመቸዋል። አንድ እጅ የፈላ ከሦስት እጅ ቀዝቃዛ ጋር ወደ 37 ይጠጋል። ዕቃው ራሱ ትንሽ ሙቀት ስለሚወስድ ቁጥሩ ድፍን ነው፤ ለማወዳደር ግን ከበቂ በላይ ነው። ስሌቱን ለልጆቹ ስጧቸው። የፊዚክስ መምህሩ አመስግኖኛል።

አንዱን የብቅል ውሃ በደንብ አፈላነው። እሱ የገባበት አጥሚት ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል?» አለች። አቀዝቅዘን ሞከርነው፤ አልተነሳም። በተቃራኒው በረዶ በሚመስል ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ወደ ለብ ያለው ስናዛውረው ሥራውን ቀጠለ። ቅዝቃዜ ያስተኛዋል፣ መፍላት ይገድለዋል። ይህ ልዩነት በፈተና ሁሌ ይመጣል፤ ሳህኑን ያየ ልጅ አይስተውም።

በዚህ መሃል ነው አንድ አባት ትምህርት ቤት የመጡት። «ብቅል አምጡ» ካልኳቸው ልጆች የአንዷ አባት ናቸው። ቆብ አድርገው፣ ሽርጥ ታጥቀው፣ ፊታቸው ቅጭም ብሎ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ልጄን ለትምህርት ነው የላክኋት» አሉኝ። «ሰፈር ለሰፈር ብቅል ስትጠይቅ ዋለች። ጠላ ልታስጠምቂያት ነው ወይስ ምንድን ነው ነገሩ? ወላሂ፣ መሳቂያ ሆንኩኝ።»

«ኧረ በጭራሽ፣ አባቴ! ደግ ነው የመጡት። ይግቡና በዓይንዎ ይዩት» አልኳቸው።

ገቡ። ልጆቹ ወንበር ለቀቁላቸው። ሰዓት እንዲይዙ ስልኩን ሰጠናቸው፤ በየደቂቃው «አሁን!» ይላሉ፣ ልጃቸው ታንጠባጥባለች። ጥቁሩ እየለቀቀ ሲመጣ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብለው «ለካ አጥሚቱን ነው የሚበላው» አሉ። ሲወጡ «አብሽሪ፣ በርቺ» ብለውኝ ሄዱ። ሌላ ጊዜ ብቅሉን ራሳቸው ገዝተው ላኩልኝ።

ሁሉም አባት ግን እንዲህ መጥቶ አይጠይቅም። አንዳንዱ ልጁን ዝም ብሎ ያስቀራል። ስለዚህ ወሎ ውስጥ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ባለበት ከተማ፣ ይህን ትምህርት የምትጀምሩ ከሆነ ለወላጅ አስቀድማችሁ ንገሩ። ምን እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ የሚጠጣ ነገር እንደማይሠራ፣ አልቆ እንደሚደፋ። ርዕሰ መምህሩም ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። ካልሆነም ገብሱን ክፍል ውስጥ አብቅሉት። አንድ ሌሊት ይዘፍዘፍ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቡቃያው ብቅ ሲል ይድረቅና ይፈጭ። ልጆቹ ሲበቅል ካዩት ኢንዛይሙ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

ወደ እርሾ ስንሻገር ነው ያ «ይበዛል፣ ቲቸር!» የሚለው መልስ የተሰበረው። ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ ሁለት ፊኛ፣ ከሱቅ የሚገዛ የዳቦ እርሾ፣ ለእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። እርሾው በኢንዛይሞቹ ስኳሩን ሲሰብር የሚወጣው ጋዝ ፊኛውን ይነፋዋል። አንዱ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ገባ። ሌላው መስኮት ላይ፣ ከደሴ ብርድ ጋር። በየአምስት ደቂቃው የፊኛውን ወገብ በክር እየለካን በማስመሪያ አነበብን። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የባልዲው ፊኛ ተነፍቶ ቆሟል፤ የመስኮቱ አንገቱን ደፍቷል። «ነገ ጠዋት የቱ ይበልጣል?» ብዬ አስመረጥኳቸው። ከሁለት ከሦስት ልጅ በስተቀር ሁሉም የባልዲውን።

ጠዋት ሁለቱ ፊኛዎች ለመለየት ያስቸግሩ ነበር። አንዱ ልጅ ተነስቶ «ቲቸር፣ ቀዝቃዛውን ሰው ነክቶታል!» አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ተባባሉ። «እሺ፣ እንድገመው» አልኩ። ጠርሙሶቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍንባቸው፣ ቁልፉን የክፍል አለቃው ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ያው ሆነ። ያኔ ያ ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሁለት መስመር ሣለ፦ አንዱ ቶሎ የሚወጣ፣ አንዱ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ሁለቱም አንድ ከፍታ ላይ የሚገናኙ። «ስኳሩ እኮ እኩል ነበር» አለ። በቃ። እኔ የምጨምረው ነገር አልነበረም።

ይህን ስትሠሩ ስኳሩን አሳንሱ። ከበዛ ወይ ፊኛው ይፈነዳል፣ ወይ ቀዝቃዛው እስከ ጠዋት አይጨርስም፣ ትምህርቱም ይበላሻል። የፊኛውን አፍ በክር አጥብቃችሁ እሰሩ። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ይሞትና ሙቁ ከቀዝቃዛው ያንሳል፤ አንድ ቡድን እንዲህ ሆኖበት መጀመሪያ ተናደደ፣ በኋላ ከፈላው ብቅል ጋር አያይዞ ምክንያቱን ራሱ አገኘው። ሃይላንዱን በክዳኑ ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ ልጅ እንዳይኖር ደግሞ ዓይናችሁ አይለይ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ያፈነዳዋል።

ቤተሰቡ ኮምቦልቻ የሆነ ልጅ ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ሄዶ ያንኑ ሠራ። ኮምቦልቻ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ናት፤ ከፍታዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። መስኮት ላይ ያስቀመጠው የእሱ ፊኛ የእኛን የመስኮት ፊኛ በሰዓት ጥሎት ሄደ። የኬሚስትሪ መምህሩ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ያው ጋዝ ፊኛውን ትንሽ አስፍቶ ይነፋዋል። ስለዚህ ሁለት ከተማ ስታወዳድሩ የፊኛውን ትልቅነት ትታችሁ፣ መነፋት እስኪያቆም የወሰደውን ጊዜ አወዳድሩ።

ግራፉ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፍጥነቱ የሚለካው ከመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ነው፤ መስመሩ ገና ቀጥ ብሎ ሲወጣ። ልጆቹ መጀመሪያና መጨረሻውን አገናኝተው ያካፍላሉ፤ ያ ስኳሩ ያለቀበትን ጊዜ ሁሉ ይጨምራል።

የሚከብዳቸው መስመሩ ለምን እንደሚታጠፍ ሳይሆን ሌላኛው ግራፍ ነው፦ ሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚለውጠው ነገር) ሲበዛ ፍጥነቱ ይጨምርና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አልጨምርም የሚለው። ለዚህ ወፍጮ ቤት ወሰድኳቸው፣ በሐሳብ። እህል ይዞ የሚመጣው ሰው ጥቂት ሲሆን ወፍጮው ሰው እየጠበቀ ይፈጫል፤ ብዙ ሰው ከመጣ በሰዓት ብዙ ይፈጫል። ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ሃያ ሰው ቢመጣ የወፍጮው ፍጥነት ያው ነው። መፍትሔው ሁለተኛ ወፍጮ መትከል ነው። ወፍጮው ደግሞ ስንት ኩንታል ቢፈጭ ራሱ ዱቄት አይሆንም። ኢንዛይምም አብሮ እንደማያልቅ የገባቸው በዚሁ ነው።

አሁን ነዳጁ። እርሾ ከ180 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 92 ግራም ኢታኖል (የሚነደው አልኮል) እና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ግማሽ ለግማሽ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፊኛው ውስጥ ያለው ጋዝ የሚመዝነውን ያህል፣ ትንሽም ከፍ ያለ፣ ኢታኖል ጠርሙሱ ውስጥ ቀርቷል። አገራችን ውስጥ ኢታኖል በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ፣ ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ፣ ተመርቷል። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ሞላሰስ ውስጥ ያለው ቀድሞውኑ ስኳር ስለሆነ እርሾው ወዲያው ይገባበታል።

ስኳር የሌለው ነገርስ? ለዚህ አራት ጠርሙስ አዘጋጀን፣ አራቱም ከማሽላ። በመኸር ሰሞን ስለነበር ጥንቅሽ ገበያ ላይ ሞልቷል። አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ የጥንቅሽ ጭማቂ። ሁለተኛው ውስጥ የተቀቀለ የማሽላ ዱቄት ከብቅል ጋር። ሦስተኛው ውስጥ ያው ዱቄት ያለ ብቅል። አራተኛው ውስጥ ደርቆ የተወቀጠ ተራ የማሽላ አገዳ። ሁሉም ላይ እኩል እርሾ። የጥንቅሹ ፊኛ ማንንም አልጠበቀም። የብቅሉ ዘግይቶ ተነሳ። ብቅል የሌለው ትንሽ ንቅንቅ ብሎ ቆመ። አገዳው ፀጥ።

አገዳውን ግን በፈላ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ አለዚያ የቀረው ስኳር ፊኛውን ትንሽ ያነሳውና ያሳስታችኋል።

አገዳው ውስጥ ያለው ሴሉሎስ እኮ ከግሉኮስ የተሠራ ነው፣ እንደ ስታርቹ። የተያያዘበት መንገድ ግን ሌላ ስለሆነ አሚሌዝ አይነካውም። ለሴሉሎስ ሴሉሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም በቡድን ነው የሚሠሩት። አንዱ ረጅሙን ሰንሰለት መሃል ላይ ይቆርጣል፣ አንዱ ከጫፍ ሁለት ሁለት እያደረገ ይነጥላል፣ ሦስተኛው ጥንዶቹን ወደ ነጠላ ግሉኮስ ይከፍላል። ሦስተኛው ከሰነፈ ጥንዶቹ ይከማቹና የፊተኞቹን ሥራ ያግዳሉ። ለዚህ ሥራ ዛሬ ፋብሪካዎች ብዙ የሚጠቀሙበት ሻጋታ ትራይኮደርማ ሪሴይ ይባላል። የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰለሞን ደሴቶች ላይ ነው፤ የአሜሪካን ጦር ድንኳን እያበሰበሰ አስቸግሮ። ልጆቹ ይህን ታሪክ ወደዱት። ድንኳን ጥጥ ነው፣ ጥጥ ሴሉሎስ ነው።

ከአገዳ ነዳጅ ማውጣት የሚወደድበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኼው ፍጥነት ነው። አገዳውን አስቀድሞ በሙቀት ወይም በአሲድ ማላላት ያስፈልጋል፣ ኢንዛይሙ ይገዛል፣ ከዚያም ረጅም ሰዓት ይጠበቃል። የሚጠበቀው ሰዓት ሁሉ ገንዘብ ነው።

ይህን እያስረዳሁ ከቃሉ ወረዳ የመጣ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ መጽሐፉ አገዳን ተረፈ ምርት ይለዋል። እኛ ጋ ግን የሚተርፍ የለም።» እውነቱን ነው። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ሌላዋ ቀጠለች፦ «እህሉስ? አያቴ በ77 የሆነውን ስትነግረን ታለቅሳለች። እህል ለመኪና ልንሰጥ ነው?» ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። የዕለቱን ዕቅዴን ትቼ እንዲከራከሩ ለቀቅኳቸው። ባጃጅ ነጂ አባት ያለው በአንድ ወገን፣ ገበሬ አባት ያለው በሌላ ወገን። እንደዚያ ቀን ተናግረው አያውቁም።

የእኔን ሐሳብ ጠየቁኝ። ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚስማማን ባዮጋዝ ይመስለኛል። ላሚቱ አገዳውን በልታ፣ ሆዷ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሴሉሎሱን ሥራ ጀምረውታል። እበቱ ጉድጓዱ ውስጥ ሚቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ይሰጣል፣ የሚወጣው አተላ ወደ ማሳ ይመለሳል። እህልም መኖም አይሻማም። ነገር ግን ደሴ ብርድ ነው፤ ያው እበት ኮምቦልቻ ላይ በፍጥነት ጋዝ ሲሰጥ እዚህ ይዘገያል። ይህን ስል ሰሌዳው ላይ ሁለቱን መስመር የሣለው ልጅ «ስለዚህ እዚህ ጉድጓዱ ሰፋ ማለት አለበት፣ እበቱ ብዙ ቀን እንዲቆይ» አለ። ልክ ነው።

ባቲ አካባቢ አጥር ስለሚሆነው ጃትሮፋ ሁሌ የሚጠይቅ ይኖራል። የእሱ ዘይት ወደ ባዮ-ናፍጣ የሚለወጠው ባብዛኛው በኬሚካል ስለሆነ ለኢንዛይም ትምህርት አይመችም። ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ክፍል ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ የሚቀምስ አይጠፋም።

ኢታኖሉ ሲነድ እንይ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ክፍል ውስጥ ማንጠር አይታሰብ። በእጅ ሳኒታይዘር ማሳየት የሚፈልግ ካለ፣ የአልኮል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም ለማለት ይቻላል። የጠፋ መስሎት ደግሞ የሚጨምርበት ልጅ እጁን ያቃጥላል። እኔ ትቼዋለሁ፤ ፊኛው ይበቃል።

ስለ ፈተናም ልበል። ትርጉም መጠየቅ አቁሜያለሁ። ባዶ ግራፍ እሰጣቸዋለሁ፣ አንድ መስመር ተሥሎበታል። «ኢንዛይሙ እጥፍ ቢሆን ሥሉ» ነው ጥያቄው። መስመሩን ከፍ አድርጎ የጨረሰ ልጅ ካለ ወደ ሁለቱ ፊኛዎች እመልሰዋለሁ፤ በቀይ ብዕር ምንም አልጽፍበትም። ስለ አገዳውና ስለ እህሉ ደግሞ አንድ አንቀጽ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ አደርጋለሁ፣ ሐሳባቸው እንጂ ቋንቋቸው እንዳይለካ።

ጊዜ የሌላችሁ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ያላችሁ ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ሁለቱን ጠርሙስ ሥሩ። ዓርብ አትጀምሩት፤ ጠዋት የሚያየው ሰው ይኑር። ቁልፉን ለክፍል አለቃው ስጡት።